«ታክሱን አማዞን ይቆርጠዋል» ለምትሉ ወገኖቼ፦ ስለ ስቴት የገቢ ታክስ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአሜሪካ ሆናችሁ በኦንላይን ለምትነግዱ ወገኖቼ፣ እንዲሁም ታክሳችሁን ለሚሠሩላችሁ፤

ጤና ይስጥልኝ።

በርበሬና ሽሮ የምትሸጡ አላችሁ። ጀበናና ሲኒ፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ፣ ዕጣንና ቆሎ የምትልኩም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በአማዞን፣ አንዳንዶቻችሁ በኤትሲ፣ ሌሎቻችሁ በራሳችሁ ዌብሳይት ትሸጣላችሁ። ቤታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ነው። ደንበኞቻችሁ ግን ሲያትል፣ ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስ፣ አትላንታ፣ ሎስ አንጀለስ ናቸው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ታክስ በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ። እንደ እናንተ ያሉ ሻጮች በየዓመቱ ቢሮዬ ይመጣሉ።

ሲመጡም አንድ አባባል አይቀርም። «ታክሱን እኮ አማዞን ይቆርጠዋል።» ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ አባባል ነው። አማዞን የሚሰበስበው የሽያጭ ታክስን ነው። የሽያጭ ታክስ የገዢው ገንዘብ ነው፤ ሻጩ ወይም ድርጅቱ ተቀብሎ ለስቴቱ ያስተላልፈዋል። ከትርፋችሁ ላይ የሚከፈለው የገቢ ታክስ ግን ሌላ ነው። እሱን ማንም አይቆርጥላችሁም። ከምትኖሩበት ስቴት ውጭ የት የት መክፈል እንዳለባችሁም ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ያኔ ደግሞ ወለዱና ቅጣቱ አብሮ ይመጣል።

ግራ መጋባቱ አለምክንያት አልመጣም። ጁን 21 ቀን 2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታና የቤት ዕቃ በኦንላይን በሚሸጠው በዌይፌር ክርክር 5 ለ 4 ወሰነ። ከዚያ በፊት አንድ ስቴት የሽያጭ ታክስ ሰብስብ ሊላችሁ የሚችለው እዚያ ሱቅ፣ ሠራተኛ ወይም ዕቃ ካላችሁ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እግራችሁ ያልረገጠው ስቴትም ሽያጫችሁን ቆጥሮ መጠየቅ ቻለ። ሳውዝ ዳኮታ ያስቀመጠችው መለኪያ በዓመት 100,000 ዶላር ሽያጭ ወይም 200 ግብይት ነበር። ሌሎቹም ተከተሏት። 200 ግብይት ብዙ ይመስላል። ግን በ15 ዶላር የሚሸጥ የበርበሬ ፓኬት 200 ጊዜ ቢሸጥ 3,000 ዶላር ብቻ ነው። ሳውዝ ዳኮታ ራሷ ይህን የቁጥር መለኪያ በጁላይ 2023 አነሳችው። በዚህ መሀል የሽያጭ ታክስ የሚጥሉት ስቴቶች በሙሉ እንደ አማዞን ያሉ መድረኮች ታክሱን ራሳቸው ሰብስበው እንዲያስገቡ በሕግ አስገደዱ። ሻጩም እፎይ አለ። እፎይታው ግን ለሽያጭ ታክሱ ብቻ ነበር።

የገቢ ታክሱን የሚገዛው ሕግ የወጣው በ1959 ነው። አይዋ ውስጥ ሜሰን ሲቲ በምትባል ከተማ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነበር፤ ኖርዝዌስተርን ስቴትስ ፖርትላንድ ሲሚንት ይባላል። ከሽያጩ 48 በመቶው ሚኒሶታ ነበር። ሚኒያፖሊስ ላይ ትንሽ ቢሮ ተከራይቶ ሻጮች አስቀምጧል። ትእዛዙ የሚጸድቀው ግን ሜሰን ሲቲ ነው፤ ሲሚንቶውም የሚጫነው ከዚያው ነው። ሚኒሶታ የገቢ ታክስ ክፈል አለችው። አልከፍልም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 1959 ለሚኒሶታ ፈረደ። የአገሩ ነጋዴ ደነገጠ፤ ሻጭ የላከበት ስቴት ሁሉ ሊጠይቀው ነው። ኮንግረስም ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሴፕቴምበር 14 ፈረሙበት። ሕግ ቁጥር 86-272 የሚባለው ይህ ነው። ጉዳዩ በደንብ እስኪጠና ለጊዜው የተቀመጠ ማቆያ ነበር። ጥናቱ በስድሳዎቹ ዓመታት ተጠናቆ ቀረበ። ኮንግረስ ግን ወደ ጉዳዩ አልተመለሰም። ማቆያው እስከ ዛሬ ሕግ ሆኖ ይገዛናል።

ሕጉ የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። በአንድ ስቴት ውስጥ የምታደርጉት ግዙኝ ብሎ ማግባባት ብቻ ከሆነ፣ የምትሸጡት በእጅ የሚጨበጥ ዕቃ ከሆነ፣ ትእዛዙን የምታጸድቁት ከስቴቱ ውጭ ሆናችሁ ከሆነ፣ ዕቃውም የሚላከው ከስቴቱ ውጭ ካለ ቦታ ከሆነ፣ ያ ስቴት ከትርፋችሁ ላይ የገቢ ታክስ መጠየቅ አይችልም። ኩባንያ ሁኑ፣ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ሁኑ፣ ወይም በራሳችሁ ስም የምትሠሩ ብቸኛ ነጋዴ ሁኑ፣ ጥበቃው ለሁላችሁም ነው። ሜሪላንድ ቤታችሁ ውስጥ በርበሬ አሽጋችሁ፣ ከቤታችሁ አጠገብ ካለው ፖስታ ቤት ወደ ኦሃዮ ከላካችሁ፣ ሕጉ ስለ እናንተ የተጻፈ ይመስላል።

እዚህ ላይ ግን «የሚጨበጥ ዕቃ» የሚለውን ልብ በሉ። ለልጆች አማርኛ በዙም የምታስተምሩ፣ የምግብ አሠራር ቪዲዮ በክፍያ የምታሳዩ፣ ሶፍትዌር የምትሸጡ፣ ይህ ሕግ እናንተን አይጠብቅም። እናንተ በየስቴቱ የየራሱ ሕግ ላይ ናችሁ።

ግዙኝ ማለት የት ጋ ያበቃል? ይህን ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በሪግሊ ጉዳይ ሞክሮታል። የማስቲካው ሪግሊ ነው። ኩባንያው ቺካጎ ሆኖ ወደ ዊስኮንሲን ይሸጥ ነበር። እዚያ ቢሮም መጋዘንም አልነበረውም። ሻጮቹ ግን በየሱቁ ሲዞሩ የደረቀውን ማስቲካ አንስተው በአዲስ ይተኩ ነበር። አንዳንዴም ባዶ መደርደሪያ ሲያገኙ ከመኪናቸው አውጥተው ይሞሉና ለሱቁ ሒሳብ ይጽፉበታል። ይህ ሁለተኛው ሥራ ከኩባንያው የዊስኮንሲን ሽያጭ 0.00007 በመቶ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ሁሉ ተደምሮ ግዙኝ ከማለት አልፏል አለ። ሪግሊ ጥበቃውን አጣ። አንድ ኩባንያ ከመኪና ላይ በወረደ ጥቂት ማስቲካ ምክንያት የስቴት ታክስ ውስጥ ከገባ፣ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ዕጣ ምን ይሆናል?

መልሱ በ2021 መጣ። መልቲስቴት ታክስ ኮሚሽን የሚባል የስቴቶች የጋራ ተቋም አለ። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ ሕጉን ለኢንተርኔት ንግድ እንዴት እንደሚረዳው አዲስ መግለጫ አወጣ። አንድ ቦታ ላይ ቀረብ ብለን እንየው። ደንበኛችሁ ሲንሲናቲ ትኖራለች እንበል። ጀበናዋ ተሰብሮ ደረሳት። ዌብሳይታችሁ ላይ ያለችውን የቻት ምልክት ተጭና «ተሰብሮብኛል» አለቻችሁ። እናንተም እዚያው መልሳችሁ ሌላ ልትልኩላት ተስማማችሁ። በኮሚሽኑ አረዳድ ይህ ከሽያጭ በኋላ የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ ስለዚህ በገዢዋ ስቴት ያላችሁን ጥበቃ ያሳጣችኋል። ይኸው መልስ ግን «የተሰበረ ዕቃ ቢደርስዎ እንዲህ ያድርጉ» ተብሎ በማይለዋወጥ ገጽ ላይ ቢጻፍ ጥበቃው አይነካም። ደንበኛዋ ቅርጫቷ ውስጥ ያስቀመጠችውን የሚያስታውስ ኩኪ (ዌብሳይት በገዢው ኮምፒዩተር ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ የመረጃ ፋይል) ችግር የለውም። የገዢዎችን ፍላጎት ሰብስቦ ነገ ምን ዕቃ እንደምታመርቱ የሚወስን መረጃ የሚለቅም ኩኪ ግን ችግር አለው። አትላንታ ያለችው የአክስት ልጅ በደመወዝ ስልክ እየመለሰች ቅሬታ የምታስተናግድላችሁ ከሆነም ጆርጂያ ውስጥ ጥበቃ የላችሁም።

እስኪ አስቡት። ዌብሳይታቸውን ለወንድማቸው ልጅ ከፍለው ያሠሩ እናት ስለ ኩኪ ዓይነት ምን ያውቃሉ? የወንድማቸው ልጅ ራሱ የትኛው ኩኪ ምን እንደሚለቅም አያውቅም፤ አብዛኛው ከዌብሳይት መሥሪያው ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው።

መግለጫው ለስቴቶቹ የቀረበ አስተያየት እንጂ ሕግ አይደለም። ግን ተወስዷል። ካሊፎርኒያ በ2022 መጀመሪያ ላይ በራሷ መመሪያ አወጣችው። የሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት በ2023 መጨረሻ «ደንብ የሚወጣበትን ሥርዓት አልተከተላችሁም» ብሎ ሻረው። ኒውዮርክ በዚያው ሰሞን፣ በዲሴምበር 2023፣ ሥርዓቱን ተከትላ ደንብ አደረገችው። እሷም ተከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ2025 ደንቡን አጽንቶ፣ ወደኋላ ተመልሶ ባለፉት ዓመታት ላይ እንዳይሠራ ግን ከለከለ። አንድ የፌዴራል ሕግ ነው፤ በካሊፎርኒያዋ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ላይ አንድ ትርጉም አለው፣ በኒውዮርኳ ኦልበኒ ላይ ሌላ።

ከቻቱና ከኩኪው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን መጋዘኑ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ዕቃችሁን ለአማዞን ልካችሁ አማዞን አሽጎ እንዲልክላችሁ ታደርጋላችሁ፤ ኤፍ ቢ ኤ የምትሉት። በካርቶን ሞልታችሁ ወደ ተነገራችሁ አድራሻ ትልካላችሁ። ከዚያ በኋላ አማዞን ዕቃውን ለገዢዎች እንዲቀርብ በየስቴቱ ይበትነዋል። አይጠይቃችሁም። እናንተ ቤት ተቀምጣችሁ ዕቃችሁ ኢሊኖይ፣ ኬንታኪ፣ ኒው ጀርሲ፣ ካሊፎርኒያ ይገባል። የ1959ኙ ሕግ ደግሞ ጥበቃ የሚሰጠው ዕቃው ከስቴቱ ውጭ ካለ ቦታ ሲላክ ብቻ ነው። ኢሊኖይ መጋዘን ውስጥ ከተቀመጠ ዕቃ ለኢሊኖይ ገዢ ከተላከ ሕጉ አያድናችሁም። ኮሚሽኑም በመግለጫው ይህንኑ በስም ጠቅሶ ጥበቃ ከሚያሳጡት ጋር መድቦታል።

ዕቃችሁ የት እንዳለ ለማወቅ በሻጭ ገጻችሁ ውስጥ የዕቃ መዝገቡን ሪፖርት ማውረድ ትችላላችሁ። እያንዳንዱ መስመር ላይ የመጋዘኑ መለያ ይታያል። መለያው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአቅራቢያው ባለው አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ነው። ኤምዲደብልዩ 2 ካለ ከቺካጎ አጠገብ ጆሊየት፣ ኢሊኖይ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ስሙ ያሳስታል። ኤቢኢ የአለንታውን፣ ፔንሲልቬንያ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ነው። ኤቢኢ 8 የተባለው መጋዘን ግን ያለው ፍሎረንስ፣ ኒው ጀርሲ ነው። ሲቪጂ የሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ተብሎ ይታወቃል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ ግን ኬንታኪ ውስጥ ነው። በመለያው ብቻ ተማምናችሁ ለተሳሳተ ስቴት እንዳትከፍሉ፣ የሕንፃውን አድራሻ ፈልጋችሁ አረጋግጡ።

በዚህ በመጋዘኑ ነገር አንድ ጥሩ ፍርድ አለ። የፔንሲልቬንያ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ዕቃቸው በአማዞን መጋዘን ለተቀመጠ የሌላ ስቴት ሻጮች ደብዳቤ ላከ። የኦንላይን ሻጮች ማኅበር ከሰሰው። በሴፕቴምበር 2022 የፔንሲልቬንያ ኮመንዌልዝ ፍርድ ቤት ለሻጮቹ ፈረደ። ዕቃው የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው አማዞን ነው፤ ሻጩ ምርጫ የለውም። በዚህ ብቻ ሻጩ ከፔንሲልቬንያ ጋር በቂ ግንኙነት አለው ለማለት መሥሪያ ቤቱ አላስረዳም አለ። ትክክለኛ ፍርድ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን የሚሠራው ፔንሲልቬንያ ላይ ብቻ ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ኒው ጀርሲ ስትገቡ ይህ ፍርድ አብሯችሁ አይሻገርም።

የገንዘቡን መጠን እንይ። ከዓመት ትርፋችሁ 2,000 ዶላሩ የፔንሲልቬንያ ድርሻ ነው ተባለ እንበል። የግለሰብ ታክሱ 3.07 በመቶ ነው። 61 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። ቅጹን ለማሠራት የምትከፍሉት ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ፔንሲልቬንያ ደግሞ ከዚያ ስቴት ከ33 ዶላር በላይ ገቢ ያገኘ ሰው ቅጽ ያስገባ ትላለች። አዎ፣ 33 ዶላር። የሜሪላንድ ነዋሪ ለሌላ ስቴት የከፈለው የገቢ ታክስ ከሜሪላንዱ ይቀነስለታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሜሪላንድና ዊን በተባሉ ባልና ሚስት ክርክር ከካውንቲው ታክስም እንዲቀነስ አድርጓል። ስለዚህ 61 ዶላሩ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይገኛል። ለታክስ ሠሪው የከፈላችሁትና የተቀመጣችሁበት ሰዓት ግን አይመለስም። ይህን በአምስትና በስድስት ስቴት አባዙት።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ለብቻዋ መታየት አለባት፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እሷ ጋ ነውና። ከ2011 ጀምሮ ሕጓ እንዲህ ይላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያላችሁ ሽያጭ 500,000 ዶላር ወይም ከጠቅላላ ሽያጫችሁ 25 በመቶ ካለፈ፣ ከሁለቱ አነስተኛውን ወስዳ እዚያ እንደምትነግዱ ትቆጥራችኋለች። የዶላሩ መጠን በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ያድጋል፤ ዛሬ ከ700,000 በላይ ነው። 25 በመቶው ግን አያድግም። እና አነስተኛውን ነው የምትወስደው። በዓመት 40,000 ዶላር የሚሸጥ ኤልኤልሲ 11,000ው ሎስ አንጀለስና ኦክላንድ ላሉ ሐበሾች ከሆነ 25 በመቶውን አልፏል። ስለዚህ በዓመት 800 ዶላር ይከፍላል። አትራፊም ይሁን ከሳሪ። ይህ 800 ዶላር ከትርፍ ላይ የሚሰላ ስላልሆነ የ1959ኙ ሕግ አያቆመውም። በሚሊዮኖች የሚሸጥና ከካሊፎርኒያ 600,000 ዶላር ያስገባ ኩባንያ ግን፣ ሩቡ ካልሞላና ዕቃም ሠራተኛም እዚያ ከሌለው፣ ከመለኪያው በታች ነው። ትንሹ ተይዞ ትልቁ ያመለጠበት መለኪያ ማለት ይህ ነው።

በእናንተ ዘንድ «ኤልኤልሲ ክፈት፣ ያዋጣል» የሚል ምክር እንደ ልማድ ይዟል። ካሊፎርኒያ ብዙ ደንበኛ ያላችሁ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ይህን 800 ዶላር ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። በራሱ ስም የሚሠራ ነጋዴ አይከፍለውም።

የገቢ ታክስ የለባቸውም የሚባሉት ስቴቶችም ቀላል አይደሉም። ዋሽንግተን ስቴት ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ ቢ ኤንድ ኦ የሚባል ታክስ ትወስዳለች። ሽያጩ ከ100,000 ዶላር ካለፈ የሌላ ስቴት ነጋዴንም ይመለከታል። ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው፤ ብትከስሩም ትከፍላላችሁ። ቴክሳስም፣ የግለሰብ የገቢ ታክስ ያላት ኦሃዮም የየራሳቸው አላቸው፤ የእነሱ ጣሪያ ከፍ ያለ ስለሆነ አብዛኞቻችሁን አይነካም። የ1959ኙ ሕግ የተጣራ ገቢ ላይ ያለውን ታክስ ብቻ ስለሚያግድ እነዚህን አይነካቸውም።

ስቴቶቹን ክፉ ናቸው ልላችሁ አይደለም። በቢሊዮን የሚቆጠር ዕቃ ሚኒሶታ ውስጥ ሸጦ፣ በሚኒሶታ መንገድ አጓጉዞ፣ ለሚኒሶታ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ምንም የማያዋጣ ኩባንያ ካለ፣ ስቴቱ ቢጠይቀው ፍትሕ ነው። ልጆቻችን የሚማሩት በዚሁ ታክስ ነው። በቅርብ ዓመታት ኮንግረስ ውስጥ የቀረበ አንድ ረቂቅ ደግሞ ግዙኝ ማለትን አስፍቶ፣ ማግባባቱን የሚያግዝ ሥራን ሁሉ ጥበቃ ውስጥ ሊያስገባ ይፈልጋል። እኔ እሱን አልደግፍም። ከእናንተ ይልቅ ትልልቆቹን ነው የሚጠቅመው። ጠበቃ ያለው ኩባንያ ሥራውን ሁሉ «ለማግባባት ነው» ብሎ ይጽፋል። የእናንተ ዕቃ ግን አሁንም ጆሊየት መጋዘን ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዶላር የተቀመጠ አንድ ወለል ለአገሩ ሁሉ። በአንድ ስቴት ውስጥ በዓመት ከዚህ መጠን በታች የሸጠ ሰው ለዚያ ስቴት የገቢ ታክስም ዝቅተኛ ክፍያም አይጠየቅም፤ ቅጽም አያስገባም። በመቶኛ አይለካ፤ መቶኛ ትንሹን ይጎዳልና። በግብይት ብዛትም አይለካ። ቻት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄም ይቅር። ሌላ ሰው በራሱ ውሳኔ የበተነው ዕቃ ደግሞ ከወለሉ በታች ያለን ሻጭ አያስጠይቅ። የሽያጭ ታክስ ላይ 100,000 ዶላር ማለት ከተቻለ፣ የገቢ ታክስ ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ድረስ ግን ደብዳቤ ሲመጣ አትደብቁት። ከአንድ ስቴት ገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ መጠይቅ ነው። እዚህ ዕቃ አስቀምጠህ ታውቃለህ? ሠራተኛ አለህ? ለመጀመሪያ ጊዜ የሸጥከው መቼ ነው? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። መልሱ ግን ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደምትከፍሉ ይወስናል። ስለዚህ ሳታማክሩ ሞልታችሁ አትላኩ፤ ቀነ ገደቡንም አታሳልፉ። ቅጽ ያላስገባችሁበት ዓመት በይርጋ አይታገድም፤ ስቴቱ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊያነሳው ይችላል።

ዕዳ እንዳለባችሁ ካወቃችሁና ስቴቱ ገና ካላገኛችሁ ሌላ መንገድ አለ። ቮለንተሪ ዲስክሎዠር ይሉታል። ራሳችሁ ቀርባችሁ ትስማማላችሁ። ብዙ ጊዜ ያለፉትን ሦስት ወይም አራት ዓመታት ብቻ ትከፍላላችሁ፤ ቅጣቱም ይነሳል፤ ወለዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይከፈላል። መልቲስቴት ታክስ ኮሚሽኑ ለብዙ ስቴቶች በአንድ ማመልከቻ የሚያስተናግድበት አሠራርም አለው። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ግን ይህ በር አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። ለዚህ ነው ዛሬ ዕቃችሁ የት እንዳለ እዩ የምለው።

ታክስ ለምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼም አንድ ልመና አለኝ። ደንበኛችሁ በአማዞን እሸጣለሁ ሲላችሁ የዓመቱን የገቢ ወረቀት ተቀብላችሁ ብቻ አትሸኙት። የመጋዘን ሪፖርቱን ጠይቁት። ዌብሳይት ካለው ከፍታችሁ እዩት፤ ቻት አለው ወይ፣ ቅሬታ የሚቀበልለት ማነው፣ ያ ሰው የሚኖረው የት ነው። ጥበቃ አለው ብላችሁ ከወሰናችሁ ምክንያቱን ፋይሉ ውስጥ ጻፉ።

ከዚያ ለኮንግረስ ተወካያችሁ ደውሉ። ስቴቶች በንግድ ላይ የሚጥሉት ታክስ ጉዳይ የሚታየው በተወካዮች ምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ ነው፤ ተወካያችሁ እዚያ አባል ከሆኑ በተለይ ደውሉ። ቢሮው ስልክ ሲያነሳ ታክስ የሚከታተለውን ሠራተኛ ጠይቁ። ሕግ ቁጥር 86-272 በሉ፤ ቁጥሩን ያውቁታል። ከዚያ የራሳችሁን ሒሳብ ንገሩት፦ ስንት ሸጣችሁ፣ ዕቃችሁ በስንት ስቴት ተበተነ፣ ስንት ታክስ ከፈላችሁ፣ ቅጹን ለማሠራት ስንት አወጣችሁ። የፔንሲልቬንያን 33 ዶላርና የካሊፎርኒያን 25 በመቶ አክሉበት። በእንግሊዝኛ ለመናገር የሚከብዳችሁ ካላችሁ ልጆቻችሁ ይደውሉላችሁ፤ ወይም እኔ ዘንድ ኑ፣ አብረን እንጽፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ታክስ ሠሪ ወንድማችሁ፣ ከሜሪላንድ